የአንድ ዓመቱን የውስጥ ደዌ ሥልጠና ከመቀበል በፊት

ደሴ ላይ ኢንተርንነቱን (የሆስፒታል ልምምዱን) ጨርሶ ወደ አሜሪካ የሚያመለክት ሐኪም፣ «ፕሪሊሚናሪ» የሚባለው የውስጥ ደዌ ሥልጠና 12 ወር ብቻ የሚቆይና በራሱ ስፔሻሊስት የማያደርግ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ስለዚህ ከሥራው ክብደት በፊት የቀጣዩን ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ቦታ ያረጋግጥ፤ በራዲዮሎጂ (የምስል ምርመራ) ወይም በአኔስቴዥያ (ማደንዘዣ) ሕክምና ቦታ ከያዘ ድካሙ መድረሻ አለው፤ ካልያዘ ግን ሌሊት ተረኛ አድሮ ቀን ማመልከቻ መጻፍ ይጠብቀዋል፤ ይህ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከተረኝነቱም የከበደ ነው።

የሥራ ሰዓት፣ በ4 ሳምንት አማካይ ሲሰላ፣ በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ የአሜሪካው የሥልጠና ደንብ ያዛል። ሆኖም የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ በጋዋኑ ሥር ሹራብ ደርቦ ያደረ ተረኛ እንደሚያውቀው፣ ሌሊትን የሚያከብደው የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ በሚያመለክትበት የአሜሪካ ሆስፒታል ያሉትን ሠልጣኞች በአንድ ሌሊት ስንት አዲስ ሕመምተኛ እንደሚቀበሉና የጠዋቱ ርክክብ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቅ።