የአማርኛ ፋይል ሲከፈት ፊደሉ ከተዘበራረቀ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ሀዋሳ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስሠራ፣ በፍላሽ ከሚመጡልኝ ፋይሎች መካከል «ፊደሉ ተበላሽቷል» የሚባሉት ጥቂት አይደሉም። ባለቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ የገባበት ይመስላቸዋል። ሲመረመር ግን አብዛኛው ፋይል እንዳለ ሆኖ ይገኛል፤ የከፈተው ፕሮግራም በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ቁጥርን ከፊደል ጋር በሚያዛምድ ስምምነት) ስላነበበው ብቻ ነው መልኩ የተለወጠው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው አንድ ነገር አለ፦ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሲያዩ ሴቭ አያድርጉ። ምንም ሳይነኩ ፋይሉን ይዝጉትና ኮፒውን በሌላ ፎልደር ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የተዘበራረቀውን ጽሑፍ ተረጋግተው ይመልከቱት፤ የመዘበራረቁ ዓይነት ምክንያቱን ይጠቁማል።

ፊደሎቹ በእንግዳ የላቲን ምልክቶች ሲተኩ

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ፊደል ስላልሆነ፣ የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስን ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ኢንኮዲንግ የሚባለው ይኸው ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ሰንጠረዥ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ዛሬ በስፋት በሚሠራበት የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የሚይዝ ቦታ) ይይዛል። ለምሳሌ «ሀ» የሚቀመጠው 225፣ 136 እና 128 በሚሉ ሦስት ቁጥሮች ነው። አንድ ፕሮግራም ይህንኑ ፋይል በተለምዶ አንሲ በሚባለው የቆየ የዊንዶውስ ኢንኮዲንግ ካነበበው ግን እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደቻለ ፊደል ይቆጥረዋል። በዚያ ሰንጠረዥ 225 በአናቱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» ነው፤ 128 ደግሞ የዩሮ ምልክት ነው። በአማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት ሁሉ በ225 ስለሚጀምሩ፣ ያ ጭረት ያለበት «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመ ከታየ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ስለሆነ መቀጠል ይችላሉ።

እዚህ ሀዋሳ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ሰነድ በሲዳምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ይዘጋጃል፤ ሲዳምኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ተራዎቹ የላቲን ፊደላት በአንሲም ሆነ በዩቲኤፍ-8 ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ፣ የሲዳምኛው ዓምድ ደህና ሆኖ አማርኛው ብቻ ይዘበራረቃል፤ ሰውም «የአማርኛው ፎንት ጠፍቷል» ብሎ ፎንት ሲጭንና ሲያነሣ ይውላል። ሲዳምኛውን ቀረብ ብለው ካዩት ግን በቃል መካከል የሚገባው አፖስትሮፍ (ከፍ ብሎ የሚጻፈው ትንሽ ምልክት) ጠምዛዛው ዓይነት ከሆነ እሱም ወደ ሦስት ምልክት ተለውጦ ያገኙታል። ችግሩ ከፎንት አለመሆኑን ለማረጋገጥ ይህ ምልክት ይበቃል።

መፍትሔው ፋይሉን ሲከፍቱ ኢንኮዲንጉን ራስዎ መምረጥ ነው። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጎ መክፈት ለፕሮግራሙ ግምት መተው ስለሆነ፣ በቅድሚያ ባዶ ኖትፓድ ይክፈቱ፤ «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ኦፕን» ይበሉና፣ ከሚመጣው ሳጥን ግርጌ «ኢንኮዲንግ» የሚለውን ዝርዝር ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይረው ፋይሉን ይክፈቱ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ለሚጠቀሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «ኢንኮዲንግ» በሚለው ሜኑ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 ሁለት ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ከላይ ያለው ባይቶቹን ሳይነካ ንባቡን ብቻ ያስተካክላል። ከታች «ኮንቨርት» ከሚል ቃል ጋር ያለው ግን ባይቶቹን ራሳቸውን ይለውጣል፤ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ፊት ለፊትዎ እያለ ይህን መጫን ስሕተቱን ወደ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ነው። በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ደግሞ ከታች በቀኝ በኩል የተጻፈውን የኢንኮዲንግ ስም ተጭነው በሌላ ኢንኮዲንግ እንደገና መክፈት የሚለውን ይምረጡ።

በኮማ የተለየ የስም ዝርዝር በኤክሴል ሲከፈት የሚታየው መዘበራረቅም ከዚህ የተለየ አይደለም። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ «ዳታ» ከሚለው ክፍል ከጽሑፍ ፋይል ማስገባት የሚለውን መርጠው፣ የፋይሉን ምንጭ 65001 ያድርጉት፤ ይህ ቁጥር በዊንዶውስ የዩቲኤፍ-8 መለያ ነው።

የተዘበራረቀው ጽሑፍ ሴቭ ከተደረገ

ምልክቱ ያው ነው፤ ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 ቢከፍቱትም አይስተካከልም። ይህ የሚሆነው አንድ ሰው በአንሲ የተነበበውን ጽሑፍ እንዳለ በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጠው ነው፤ የፋይሉ መጠንም ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በኮፒው ላይ ወደ አንሲ «ኮንቨርት» ያድርጉ፤ ቀጥሎም ከላይኛው ምርጫ ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡ፤ አብዛኛው ጽሑፍ ይመለሳል። ሁሉም ላይመለስ የሚችልበት ምክንያት አለ። በአንሲ ሰንጠረዥ ውስጥ ምንም ፊደል ያልተሰጣቸው አምስት ቁጥሮች አሉ፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች እነዚህን ሲያገኙ ይጥሏቸዋል። ክፋቱ «ም»፣ «ነ»፣ «ሁ» እና «ቁ»፣ እንዲሁም የ«ፀ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ቤተሰቦች በሙሉ፣ ከአራት ነጥብ ጭምር፣ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን የያዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከጥገናው በኋላ «ነው» እና «ም» ያለባቸውን ቃላት አስቀድመው ይፈትሹ።

ፊደሉ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሲሆን

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ግድ ነው፤ ከፋይሉ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። አንድ የእድር ጸሐፊ የአባላትን ስም ዝርዝር ይዘው መጥተው ነበር። የስልክ ቁጥሩ በየመስመሩ ደህና ነው፤ በስሙ ቦታ ግን አራት ጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። የስሞቹ ርዝመት ይታወቃል፤ ስሞቹ ግን የሉም። በእ.ኤ.አ. 2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በፊት የነበረው ኖትፓድ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ አዲስ ፋይል የሚያስቀምጠው በአንሲ ነበር፤ አንሲ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ፕሮግራሙ ከመተካቱ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው «ኦኬ» ብሎ ያልፈዋል። እኒህን ሰው ያዳናቸው በወረቀት የታተመው የቀድሞ ዝርዝር ነው፤ ከዚያ እያየን እንደገና ጻፍነው። የቀድሞው ኖትፓድ ያለበት ኮምፒውተር ካለዎት «ሴቭ አዝ» ብለው ከግርጌ ዩቲኤፍ-8ን ሳይመርጡ አያስቀምጡ።

ባዶ ሳጥኖች ሲታዩ

ይህ ኢንኮዲንግን አይመለከትም። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ለይቶ ያውቀዋል፤ የሚስልበት ፎንት ነው ያጣው። ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም አቢሲኒካ ሲጫን ጽሑፉ ይታያል።

ማንኛውም ኢንኮዲንግ የማያስተካክለው ጽሑፍ

ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የሚያሳዩት በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ አስቀምጠው ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ጽሑፍ በዎርድ ውስጥ አማርኛ መስሎ ይታያል፤ ወደ ኖትፓድ ሲገለበጥ ግን የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ በየሦስቱ ምልክት የሚደጋገመው ባለጭረት «ኤ» አይገኝበትም። የመጀመሪያው ሰነድ በእጅዎ ካለ የፎንቱን ስም ከዎርድ ላይ ይመዝግቡና፣ ለዚያው ፎንት የተዘጋጀ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ይጠቀሙ። የአንዱ ፎንት አቀማመጥ ከሌላው ስለሚለይ፣ ስሙን ሳያውቁ በግምት መቀየር ፊደል ያሳስታል። ሲቀይሩም በአንድ ገጽ ጀምረው ከታተመው ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት፤ ያ ገጽ ከተስማማ የቀረውን በአንድ ጊዜ መቀየር ይቻላል።