የድሮውን ጠባብ ሐዲድ እንዴት እንደሚጠግኑ፦ ከወሎ ለሚነሱ በጎ ፈቃደኞች

ወሎ ውስጥ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ አዲስ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋትም 1435 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን የሚፈልግ በባቲ በኩል ሚሌ ወርዶ፣ ወደ ደቡብ ታጥፎ አዋሽ መድረስ አለበት። እዚያ የሚያገኘው ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ለገሃር የገባው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ የሆነው ምድር ባቡር ነው።

ይህን ሐዲድ ለማዳን የወሎ ገበሬ ልጅ ከማንም ያላነሰ እውቀት አለው ብዬ አምናለሁ። ሐዲድን ከዝገት ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ውሃ ነውና። በተዳፋት መሬት ላይ ካብ የካበ፣ እርከን የሠራ፣ ጎርፍ በየት እንደሚመጣ አይቶ ቦይ የቀደደ ሰው የሥራውን ግማሽ ያውቀዋል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ ያዙ። ሐዲዱ የሕዝብ ንብረት ነው፤ አንድ ብሎን እንኳ ባለቤቱ ሳያውቅ አይፈታም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ የሚጠገነው ቅርስን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ለጀማሪ ቡድን 100 ሜትር ይበቃል። አደረጃጀቱን ከቅሬ (ከእድር) ውሰዱ፦ ስም የሚጠራ፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ የቀረውን ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ ይኑር።

ቀጥሎ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ፈልጉ። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው የ950 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ብረቱ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጠገን ሲጀመር ጡረተኞቹ ተመልሰው ሠርተውበታል። አንድ ሽማግሌ አጠገባችሁ ቆሞ «እዚህ ጋ ይሰምጣል» ቢላችሁ የሳምንት ድካም ያድናችኋል።

ምንም ሳትነኩ በእግር ሂዱና መዝግቡ። ሐዲዱን የሚሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች ቁጥር ስጧቸው፤ ፎቶግራፍ አንሱ። ልክ 1 ሜትር የሆነ ዘንግ ቁረጡና በሁለቱ ሐዲዶች የውስጥ ጠርዝ መካከል እያስገባችሁ ለኩ። ቁጥቋጦውን ስትመነጥሩ መጀመሪያ በረጅም እንጨት ቆስቁሱት፤ እባብና ጊንጥ ጥላ ይወዳሉ። ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ መጤ ዛፍ ከመሬት በላይ ብቻ ብትቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ግንዱን ከአፈር ሥር ቆፍራችሁ አውጡት።

አሁን ወደ ውሃው። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቦዮች ጥረጉ፤ በሥሩ የሚያልፉትን ድልድዮችና ቱቦዎች ከደለል አጽዱ። ከዚያ ጠጠሩን እዩ። በጭቃ የታጨቀ ጠጠር ውሃ አያሳልፍም፤ አግዳሚው እንደ ረግረግ ይዋልላል። ጠጠሩን አውጥታችሁ ንፉት፤ የጎደለውን በአዲስ ሙሉ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት የወንዝ ድንጋይ ማምጣት ነው። ክብ ድንጋይ ይንሸራተታል፤ የተፈለጠና ጠርዝ ያለው ጥቁር ድንጋይ ግን እንደ ካብ እርስ በርሱ ይያያዛል። መጠኑ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

አግዳሚ ስትለውጡ ጎን ለጎን ያሉትን በአንድ ጊዜ አታንሱ፤ ሐዲዱ የሚያርፍበት ያጣል። ሁልጊዜ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልጉ። የዛገ ብሎን ዘይት ጠጥቶ ይደር እንጂ በጉልበት አትታገሉት። በሜትር 20 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ 10 ሜትር ቢሆን 200 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የማንሻውን ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻ ይስጥ፤ ሌላው ዝም ይበል። ጣት ከብረት ሥር አይግባ።

ሁለት ሐዲዶች በሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ተዉ። ብረት በሙቀት ይረዝማል፤ 10 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል። ደጋ የለመደ ሰው በማለዳው ቅዝቃዜ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ያስረዋል፤ በአዋሽ ቀትር ሐዲዱ እንደ ቀስት ይጎብጣል።

በመጨረሻ ሲባጎ ወጥራችሁ መስመሩን አቅኑ፤ በውሃ ልክ ደረጃውን አስተካክሉ። ጠጠሩን በዲጂኖ ወይም በዶማ የምትጠቀጥቁት በእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር፣ ከውስጥም ከውጭም ነው። የአግዳሚውን መሐል አታጥብቁ፤ በመሐሉ ብቻ ከተደገፈ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል።

ከዚያ ስፋቱን በዘንጋችሁ እንደገና ለክታችሁ መዝግቡና የመጀመሪያውን ዝናብ ጠብቁ። ሲያባራ ሂዱ፤ ውሃ ቆሞ ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት አድርጉ። የሚቀጥለው ሥራ ከዚያ ይጀመራል።