የደጋፊዎችን ጠብ ለፊልም ሲቀርጹ
ስታዲየም ዙሪያ የምትቀርጹ ከሆነ የጊዮርጊስንም የቡናንም ማሊያ አታልብሱ፤ መንገደኛው እውነተኛ ጠብ መስሎት ይገባበታል። የራሳችሁን ቀለም ፍጠሩ። ፈቃድ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ሃያ ሰው ከርቀት በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ሲቀረጽ ተጠጋግቶ ጭፍራ ይመስላል፤ በ24 ግን ክፍተቱ ያጋልጣል።

ቡጢው ከፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ካሜራው ከተመቺው ትከሻ ጀርባ ይቁም። ከጎን ከሆነ አለመንካቱ ይታያል። ተመቺው ራሱን የሚያዞረው ቡጢው ፊቱን ሲያልፍ ነው፤ ከቀደመ ይነቃበታል። መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት አለማምዱ። የሚወረወረው ሃይላንድ ባዶና ክዳን የሌለው ይሁን።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል ከ10 ሰዓት በኋላ ጀምሩ።

ደጋፊዎቹ እርስ በርስ ያላቸውን ታማኝነት ቡጢ ብቻውን አያሳይም፤ ሁሉም ሲሮጥ የወደቀ ጓደኛውን ሊያነሳ የሚመለሰውን ልጅ እጅ በቅርብ ቅረጹ።