የአረጋውያን ተቅማጥ፦ በየቤታችን የምንሠራቸው ስህተቶች

አረጋውያን ተቅማጣቸውን ይደብቃሉ። እናት ታፍራለች፤ አባት «ትናንት የበላሁት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቤተሰብ የሚነቃው ልብሳቸው ሲሰፋቸው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ደጋግመው ያጋጠሙኝ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው «እርጅና ነው» ብሎ መተው ነው። እርጅና ብቻውን ተቅማጥ አያመጣም። ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ ተቅማጥ ሥር የሰደደ ይባላል፤ መንስኤው መፈለግ አለበት።

ሁለተኛው የመድኃኒቱን ፌስታል አለማየት ነው። ቀፊራ ገበያ ሲነግዱ የኖሩ አንድ አባት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ወተትም በርበሬም ተከልክለው ለውጥ አላገኙም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፈው ለስኳር የሚወስዱት ሜትፎርሚን መጠኑ ከጨመረ 2 ወር ሆኖታል፤ ተቅማጡም የጀመራቸው ያኔ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለላቸው፤ ሆዳቸውም ረጋ። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል፣ ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕ፣ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም እንዲሁ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። አንቲባዮቲክማ ተወስዶ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ከባድ ተቅማጥ ሊያስነሳ ይችላል። ይህን አንብበው ግን መድኃኒት በራስዎ እንዳያስቆሙ፤ ሐኪሙ ይወስን።

ሆድ በተነካ ቁጥር የአሜባ መድኃኒት የሆነውን ፍላጅል ገዝቶ መስጠትም የተለመደ ነው። አሜባና ጃርዲያ የተባሉት የአንጀት ተውሳኮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን በሰገራ ምርመራ ይረጋገጡ። ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ፣ የቆሽት ሕመም፣ የትልቁ አንጀት ብግነት በፍላጅል አይድኑም። የኤችአይቪ ምርመራም «በዚህ ዕድሜ?» ተብሎ አይዘለል።

ብዙ ሰው የማያምነኝ የሚቀጥለውን ነው፤ ተቅማጥ የሚመስለው ነገር የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። የደረቀ ሰገራ አንጀቱን ሲዘጋው ቀጭኑ በጎንና በጎኑ ሾልኮ ይወጣል፤ ልብስም ያበላሻል። ብዙ የማይንቀሳቀሱ፣ ውኃ የማይጠጡ፣ ጫት የሚቅሙ አረጋውያን ላይ ይህን መጠርጠር ይገባል። ለእነሱ የተቅማጥ ማስቆሚያ መስጠት መዝጊያውን ማጥበቅ ነው።

በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ «ሲጠማቸው ይጠጣሉ» ማለት አደገኛ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። አንዱን የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ያጠጧቸው፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ይድፉት። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው መጠኑን ሐኪም ይንገርዎ። ሲነሡ ካዞራቸው፣ ሽንታቸው ካነሰና ከጠቆረ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ሰገራ ላይ የታየን ደም «ኪንታሮት ነው» ብለው አይለፉት። ደም፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ደም ማነስ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ የአንጀት ካንሰር እንዳይሆን ሐኪም ማየት አለበት፤ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ሊያዝም ይችላል። ደም ወይም ትኩሳት እያለ የተቅማጥ ማስቆሚያውን ሎፐራማይድ አይስጡ።

አጠያየቁም ላይ እንሳሳታለን። በልጅ ልጆችና በጎረቤት ፊት «ዛሬ ስንቴ ወጣሽ?» የተባለች እናት እውነቱን አትናገርም። ቡናው ተጠጥቶ ሰው ሲበተን፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይጠይቋት።