«የንጽህና ጥቅም» ማንንም አያሳምንም፦ ለልጆች አሳማኝ ጽሑፍ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአስር ዓመት ልጅ ሰው ማሳመን ይችላል። ያላመነ አንድ ቅዳሜ ከልጆች ጋር ይዋል። ለከረሜላ የሚሆን ብር ሲፈልግ ማንን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚጠይቅ አሳምሮ ያውቃል። አባት እምቢ ካሉ ለአያት ይግባኝ ይላል። አያት ደግሞ እንደሚፈርዱለት ያውቃል።

ያው ልጅ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «አሳማኝ አንቀጽ ጻፍ» ሲባል ይደርቃል። ወይም «ትምህርት ለሰው ልጅ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው» ብሎ ይጀምርና ገጹን ይሞላል። ችሎታው የት ገባ? አልጠፋም። እኛ ሥራውን የምንሰጥበት መንገድ ነው የሚዘጋበት። ከዚህ በታች የማነሳቸው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል በብዛት የሚታዩ ስህተቶች ናቸው። ውጭ አገር ሆነው ለልጆቻቸው አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆችም ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ።

ማንም የማይቃወመው ርዕስ መስጠት

«የንጽህና ጥቅም»፣ «የዛፍ ጥቅም»፣ «የትምህርት ጥቅም»። እስቲ ንጽህና መጥፎ ነው የሚል ሰው ጥሩልኝ። ተቃዋሚ ከሌለ የሚያሳምኑት ሰው የለም። ልጁም የሚያውቀውን ጥቅም ይዘረዝርና ደብተሩን ይመልሳል። የጻፈው ገላጭ ድርሰት ነው፤ እኛ ግን አሳማኝ ብለን እናርመዋለን።

ሌላኛው ጫፍ «ከእናትና ከአባት ማን ይበልጣል?» የሚለው ዓይነት ነው። ለሰልፍ ላይ ክርክርና ለሚኒ ሚዲያ ይሁን፤ ሳቅ አለው፣ አንደበት ያፍታታል። ለጽሑፍ ግን አይመችም። ማንም ቢረታ ነገ የሚለወጥ ነገር የለም።

ጥሩ ርዕስ ሁለት ነገር አለው። አንድ፣ የሚወስን ሰው አለ። ሁለት፣ ያ ሰው በቂ ምክንያት ይዞ እምቢ ማለት ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይከፈት? የመቀመጫ ቦታ በየወሩ ይቀያየር? አራተኛ ክፍሎች ኳስ ሜዳውን በሳምንት ስንት ቀን ያግኙ? በእነዚህ ላይ ልጆቹ ገና ከመጠየቃችሁ ይንጫጫሉ። እሱን ነው የምንፈልገው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የልጆችን ኪስ የሚነካ ርዕስ አትስጡ። «ሁሉም ልጅ አዲስ ቦርሳ ይኑረው?» የሚል ጥያቄ አንዱን ልጅ በክፍሉ ፊት ስለ ቤቱ እንዲናገር ያስገድደዋል። ለጽሑፍ ተብሎ ልጅ አይሸማቀቅም።

«ለማን?» ሳይባል ማስጻፍ

ርዕሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ አንባቢው አይጻፍም። ልጁ ለመምህሩ እንደሚጽፍ ያውቃል፤ መምህሩ ደግሞ ለማረም እንጂ ለመወሰን አያነቡም።

ቤተ መጻሕፍቱን እንውሰድ። ጽሑፉ ለዳይሬክተሩ ከሆነ እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው ማን ይጠብቃል፣ መጽሐፍ ቢጠፋስ የሚለው ነው። ለክፍል ጓደኞች ከሆነ ጥያቄው «ኳሱን ትተን ለምን እንመጣለን?» ይሆናል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የሚመረጠው ምክንያት ግን ይለያያል። ያንኑ ጥያቄ ለሁለት ሰው አስጽፉና ልጆቹ ራሳቸው ልዩነቱን ይንገሯችሁ።

እዚሁ ላይ አክብሮትና ምክንያት እንደሚለያዩ ይማራሉ። «እባክዎ» የሚለውን አምስት ጊዜ የደረደረ ልጅ ጨዋ ነው። ግን እስካሁን ምንም ምክንያት አላቀረበም።

ሳያወሩ ወደ ደብተር መሄድ

እኛ ዘንድ ክርክር ከወረቀት የቀደመ ነው። በድሮው በልሃ ልበልሃ ተከራካሪዎች ቆመው፣ ፊት ለፊት እየተጠያየቁ፣ ነገር በምሳሌና በግጥም እያዋዙ ይሟገቱ ነበር። አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳይመልስ አያልፍም። ልጆቻችንን ግን በመጀመሪያው ደቂቃ እርሳስ አስይዘን ዝም እናሰኛቸዋለን።

አንዱ ልጅ ሐሳቡን ይናገር፤ ጎኑ ያለው ልጅ እስከ ሦስት ጊዜ «ለምን?» ይበለው። «ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈት።» ለምን? «ማንበብ ስለምንፈልግ።» ከትምህርት በኋላ ለምን አታነቡም? «ታናሽ ወንድሜን ከኬጂ የማወጣው እኔ ነኛ!» ይኸው። እውነተኛው ምክንያት ሁለተኛው «ለምን?» ላይ ወጣ። የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው። የመጨረሻው የልጁ የራሱ ነው።

ስልሳና ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥስ? ይሠራል። ሁሉም ከጎኑ ካለው ጋር ነው የሚያወራው፤ ማንም ወንበር አያንቀሳቅስም። ጫጫታ ይኖራል። አጠገብ ያለው ክፍል መምህር ብቅ ብለው «ምንድነው?» ሊሉ ይችላሉ። አሥር ደቂቃ ነው፣ ይታገሡ።

ተረትና ምሳሌን እንደ ማስረጃ መቀበል

ይሄ የኛው የራሳችን ስህተት ነው፤ ሰፋ አድርጌ ላየው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ቤተ መጻሕፍት ለሰው ልጅ በጣም ጠቃሚ ነው። መጽሐፍ የእውቀት ምንጭ ነው። ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል እንደሚባለው ማንበብ አለብን። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይከፈት።»

ፊደሉ ልክ ነው፤ አራት ነጥቡም በቦታው አለ። ብዙዎቻችን ከአሥር ስምንት እንሰጠዋለን። ግን ከጥያቄው በፊት ካሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ስለ ምሳ ሰዓት የሚያወራው የትኛው ነው? አንዱም። ዳይሬክተሩ በሦስቱም ተስማምተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በሩን እንደቆለፉት ሊተዉት ይችላሉ።

አሁን ልጁን ሁለት ነገር ጠይቁት። በምሳ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ? ከክፍላችሁ ስንት ልጅ ነው ለምሳ ቤቱ የማይሄደው? ለሁለተኛው እጅ አስወጥቶ ይቁጠር። ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት እንዲከፈትልን እንጠይቃለን። ከክፍላችን አሥራ አንድ ልጆች ለምሳ ቤታቸው አይሄዱም። በልተው ሲጨርሱ ደወል እስኪደወል ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከትምህርት በኋላ ደግሞ አንዳንዶቻችን ታናናሾቻችንን ከኬጂ ስለምናወጣ ማንበቢያ ጊዜ የለንም።»

ቋንቋው ከፊተኛው ብዙም አይረቅም። ዳይሬክተሩ ግን አሁን መልስ መስጠት አለባቸው። ልጁም ማስረጃ ማለት ሄዶ የሚቆጠርና የሚታይ ነገር መሆኑን በራሱ እጅ አየው።

ምሳሌያዊ አነጋገር ለምን ማስረጃ እንደማይሆን ለልጆች ማሳየት ቀላል ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከሥሩ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ጨምሩ። የትኛው ነው እውነት? ለሁለቱም ወገን ተረት አለ። ተረት ለሐሳብ ጉልበትና ጣዕም ይሰጣል እንጂ ሐሳቡን አያረጋግጥም። እኔ አልከለክልም። ማስረጃው ከቀረበ በኋላ አንድ ጣል ቢያደርጉበት ደስ ይለኛል።

«አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብቻ ማስያዝ

ሦስት ምክንያት አምጡ ሲባል ልጆች አንዱን ምክንያት ሦስት ልብስ ያለብሱታል። «አንደኛ እውቀት እናገኛለን። ሁለተኛ ጎበዝ እንሆናለን። ሦስተኛ ውጤታችን ይጨምራል።» አንድ ነገር ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሁለተኛውን ሰርዙት። ምንም ካልጎደለ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

አሜሪካ ያሉ ልጆች በብስኩቱ ስም «ኦሪዮ» የሚባል ቅርጽ ይማራሉ፤ አስተያየት፣ ምክንያት፣ ምሳሌ፣ እንደገና አስተያየት። ለጀማሪ ጥሩ ድጋፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከያዙት ግን ሠላሳ ልጅ አንድ ዓይነት አንቀጽ ያስረክባል። ለእኔ ከሦስት ደካማ ምክንያት ከነምሳሌው የቀረበ አንድ ጠንካራ ይሻላል።

ተቃራኒውን ወገን መርሳት

ልጆች የተቃራኒውን ሐሳብ ካነሱ የተሸነፉ ይመስላቸዋል። የክርክር መድረክ ላይ ያስተማርናቸው እንዲህ ነዋ፤ ማሸነፍ፣ ማስጨብጨብ፣ መቀመጥ።

ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉትና በፈረንጆቹ 2010 የወጣው «ኮመን ኮር» የተባለው የትምህርት መለኪያ እስከ አምስተኛ ክፍል ያለውን ጽሑፍ «አስተያየት» ይለዋል። «ክርክር» የሚባለው ከስድስተኛ ጀምሮ ነው፤ ተቃራኒ ሐሳብን አንስቶ መጻፍ የሚጠየቀው ደግሞ ሰባተኛ ላይ። በጽሑፍ ከሆነ ልክ ናቸው፣ ለትንንሾቹ ይከብዳል። በቃል ግን እስከ ሰባተኛ መጠበቅ የለብንም። «ዳይሬክተሩ ምን ብለው እምቢ የሚሉ ይመስላችኋል?» ብትሏቸው የአራተኛ ክፍል ልጆች በደቂቃ ውስጥ አምስት መልስ ይሰጧችኋል። መዝለቅ ለሚችሉት «እርግጥ ነው… ይሁን እንጂ…» የሚለውን መንገድ ስጧቸው። «እርግጥ ነው፣ መጽሐፍ ሊጠፋ ይችላል። ይሁን እንጂ በየቀኑ ሁለት ተረኛ እኛው እንመድባለን።» ይህቺ አንዲት መስመር ብቻዋን ልታስከፍት ትችላለች።

«ስለ»ን መደርደር

አጭር ነገር ናት። በአማርኛ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ሐሳብ ይቀድማል። ልጁ «ስለሚርበን፣ ስለሚደክመን፣ ስለሚመሽብን» እያለ ሲደረድር የተነሳበትን ይረሳና ማሰሪያ አንቀጹን (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ) ያጣዋል። ሐሳቡን አስቀድሞ ተናግሮ አራት ነጥብ ያድርግበት። ከዚያ «ምክንያቱም» ብሎ ይቀጥል። ሲጎለምስ እንደፈለገ ያርዝመው።

በቀይ እስክሪብቶ ሐሳቡን መቅበር

ደብተሩ ሲመለስ «ሀ»ው ወደ «ሐ»፣ «ሰ»ው ወደ «ሠ» ተስተካክሎ ገጹ ቀልቷል። ስለ ምክንያቱ አንድ ቃል የለም። ልጁ ምን ይማራል? አሳማኝ ጽሑፍ ማለት ፊደል መምረጥ ነው ብሎ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉበት፤ «እንዴት አወቅህ?» ወይም «ለምሳሌ?»። ሆሄው ሲገለበጥ ይታረማል።

ከእናንተ የተለየ አቋም የያዘ ልጅም ማርክ አይቆረጥበት። የቤት ሥራ ይቅር ብሎ በደንብ የተከራከረ ልጅ ካጋጠማችሁ ሙሉውን ስጡት። የቤት ሥራውን ግን ይሥራ።

ደብተር ውስጥ ማስቀረት

ለዳይሬክተሩ የተጻፈ ደብዳቤ ለዳይሬክተሩ ይድረስ። ሁሉም መላክ የለበትም፤ ክፍሉ ሦስት ይምረጥ። ዳይሬክተሩን ቀድማችሁ አናግሯቸው። ይፍቀዱ አትበሏቸው፤ በሁለት መስመር ምክንያታቸውን ጽፈው ይመልሱ በሏቸው። «የምትጠብቃችሁ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት እረፍት ላይ ናት» ብለው እምቢ ቢሉ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ሥራ አታገኙም። መልሱን ሰሌዳ ላይ ገልብጡትና ልጆቹን «አሁንስ ምን እንመልስላቸው?» በሏቸው።