ሐይቅ እያደሩ ወሎን መዞር

ወንበሩ የወጣለት፣ ውስጡ የሚታደርበት አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስና ቶሎ የማያኮርፍ ጓደኛ ካላችሁ፣ ወሎን ለመዞር ሌላው ሁሉ መንገድ ላይ ይሟላል። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የምዞረው ከሰፈር ጓደኛዬ ጋር ነው። ሜዳውን እሱ ይነዳል፣ ዳገትና ቁልቁለቱን እኔ። ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቁት።

ዋናው ነገር በየቀኑ ማደሪያ አለመቀያየር ነው። ሐይቅ ከተማ ውሃው ዳር አንድ ቦታ ያዙ። ቀን ቀን ደጋውንም ቆላውንም እየዞራችሁ ማታ ወደዚያው ተመለሱ። ይህን የምለው በከፍታው ምክንያት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሌሊት ብርዷ መኪና ውስጥ የተኛን ሰው አይምርም። ባቲ ደግሞ 1,500 ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቶ ማደር በላብ መጠመቅ ነው። 1,000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሐይቅ ከሁለቱ መሃል ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሱሉላን ስታልፉ ታገኙታላችሁ። አንድ ደህና ብርድ ልብስ ካለ ሸጋ እንቅልፍ ይተኛበታል።

መኪናውን ስታዘጋጁ የኋላ ወንበሮቹን ብቻ አውልቁ። ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥራችሁ ከወንበሮቹ ጋር እሰሯቸው፤ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ መልሳችሁ መግጠማችሁ አይቀርም። ወለሉ ላይ ሰሌን፣ በላዩ የሚታጠፍ የስፖንጅ ፍራሽ በቂ ነው። ለመስኮቶቹ መጋረጃ ስፉ። አለበለዚያ ጠዋት የሰፈሩ ሕፃናት በሙሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ታገኟቸዋላችሁ። አጎበር አትርሱ፤ ውሃ ዳር ቢንቢ አይጠፋም። ሁለት ጀሪካን ያዙ፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለራዲያተር። ስኮርታ ጎማውን ከመውጣታችሁ በፊት ጎሚስታ ዘንድ አስነፉት። ክሪኩንም አንዴ አንስታችሁ ሞክሩት። ብዙ ሰው ክሪኩ እንደማይሠራ የሚያውቀው ጎማው ከተነፈሰ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከሰል መኪና ውስጥ አታስገቡ። ማታ ቡና ተፈልቶ ሲያልቅ፣ «ፍሙ ከስሟል፣ ትንሽ ሙቀት ይስጠን» ብሎ ምድጃውን ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው አለ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ አለ። ሽታ የለውም፣ ያስተኛል፣ ተኝቶ መቅረትም አለ። ምድጃው ውጭ ይደር። ቡታጋዝም ቢሆን ውጭ ነው የሚለኮሰው። ብርድ ከፈራችሁ ጋቢ ደርቡ።

ባዶ ሜዳ አገኘሁ ብሎ ዝም ብሎ ማደር ነውር ነው። ባለቤት የሌለው መሬት የለም። የሎጅ ግቢ ውስጥ ከፍላችሁ ማቆም አንዱ መንገድ ነው፤ መጸዳጃና ውሃም ታገኛላችሁ። የገበሬ ደጅ ከሆነ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሂዱና አባወራውን ጠይቁ። «እንዴት ዋሉ አባቴ፣ እዚህ ጥግ መኪናችን ውስጥ ብናድር ይፈቅዱልናል?» በሉ። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። «ቤት እያለ መኪና ውስጥ? ምን በወጣችሁ!» ይሏችኋል። እዚህ ላይ ብልሃት ያስፈልጋል። ግብዣውን ጥርግ አድርጎ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ገብታችሁ ቡናውን እስከ በረካው ጠጡ፣ የቀረበውን ቅመሱ፣ ከዚያ «መኪናውን ጥለን መተኛት ፈርተን ነው» በሉ። ይህኛው ምክንያት ያስኬዳል። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ግቡ። ገንዘብ ግን አታውጡ። መሸት ሲል የት እንዳላችሁ ለቀበሌው ሰው ማሳወቅም ደግ ነው፤ እንግዳ መኪና ያስጠረጥራል።

ምግብ ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ። ሥጋው አይገናኝም፣ እሱ ደግሞ ረቡዕና አርብ ይጾማል። እንደኛ ዓይነት ጥንድ ወሎ ውስጥ ሞልቷል፤ መላውም የታወቀ ነው። ሽሮው የጋራ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው አሳም ለሁለታችንም ይሆናል። ጾም ላይ አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ ጓደኛችሁን ጠይቁት እንጂ አትገምቱለት። የሥጋ አምሮት የመጣበት የየራሱን ሉካንዳ ይፈልግ። የነዳጁና የአስቤዛው ብር አንድ ኪስ ውስጥ ይግባ። ኪሱን የሚይዘው ደግሞ ቆጣቢው ይሁን።

ሐይቁ ዳር የመጀመሪያው ቀን ለእስጢፋኖስ ገዳም ነው። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይደረሳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ሴቶች አይገቡም፤ እህታችሁን ወይም ሚስታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሯት። ጓደኛዬ ሲሳለም እኔ ዳር ላይ አሳ አስጠብሳለሁ፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንገናኛለን። ውሃው ግን አያታልላችሁ። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ዋና ካልቻላችሁ ዳሩ ላይ እግር መታጠብ ይበቃል።

አርዲቦ ከዚያ በደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ያለው ታናሹ ሐይቅ ነው፤ ትርፍ ውሃው ወደ ትልቁ፣ ወደ ሐይቅ ይፈስሳል። መንገዱ ጥርጊያ ነው። ዝናብ ከጣለ ዶልፊኑን አቁማችሁ በእግር ወይም በባጃጅ ሂዱ። ሰው አይበዛበትም። ለእኔ ከሁለቱ እሱ ይበልጣል፤ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም።

ባቲን ሰኞ ብቻ ሂዱ። ገበያው ሰኞ ነው፤ በሌላ ቀን የምታዩት ባዶ ሜዳ ነው። ከሐይቅ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ መድረስ ስለሚያጣድፍ፣ እሁድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩ። ከዚያ በደጋንና በገርባ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፋሩ ግመልና ፍየል ነድቶ፣ ደገኛው እህል ጭኖ ይወጣል። ረፋዱ ላይ መድረስ ጥሩ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሰዉም ይደክማል። ከፎቶ በፊት አስፈቅዱ፣ በተለይ ግመል ተራ። የባቲ ፍየል በቆዳዋ የታወቀች ናት፤ ዋጋዋም ያጓጓል። ጓደኛዬ በሄድን ቁጥር አንድ ካልገዛሁ ይላል። ፍራሽ ያለበት መኪና ፍየል አይጭንም፤ አበቃ። ስትመለሱ ዳገቱ በሙቀት ስለሚሆን የራዲያተሩን ጌጅ እያያችሁ ንዱ። ከጋለ አቁሙ፤ ክዳኑን ግን እስኪበርድ አትክፈቱ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ሐረጎ ነው። ስትወጡ አያስቸግርም፣ ከጭነት መኪና ኋላ መጎተት ብቻ ነው። ስትወርዱ ግን ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። የሚነድ ነገር ከሸተታችሁ የፍሬን ሸራው ነው። ጥግ ይዛችሁ አቁሙና በራሱ ይብረድ፤ ውሃ አትድፉበት። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ እዩ። ጦሳ ተራራን ለመውጣት ጭጋግ የሌለበት ጠዋት ምረጡ።

በሰሜን በኩል ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ አንቀጽ 17 ከጣልያን ጋር ያጣላበት የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያው አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። አገሩ አምባሰል ነው። ባቲና አምባሰል የዜማ ቅኝት ስምም ናቸውና፣ ቅኝት ለሚወድ ሰው ሰኞ ባቲን፣ ማክሰኞ አምባሰልን መርገጥ ቀላል ነገር አይደለም። ግሸን ማርያም ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ለንግሡ ካልሆነ በቀር መስከረም 21 አካባቢ አትሞክሩት፤ መንገዱ በምዕመናን ይሞላል።

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው በጭጋግ ይሸፈናል፣ ጥርጊያውም ጭቃ ነው። ከዚያም በበልግ ድንገተኛ ዝናብ አለ። በየትኛውም ወር ቢሆን ከመሸ አትንዱ። ሁልጊዜ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ጎራ በሉና ከዚያ አቅጣጫ የመጡትን ሹፌሮች ስለ መንገዱ ጠይቁ። ሬዲዮና ፌስቡክ ከሚሉት የእነሱ ወሬ ይሻላል። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ አትከራከሩ፤ ሐይቅ ዳር ዋሉ።