የስቴታችሁ የኮሌጅ ድጋፍ ሕግ ሊቀየር ነው ሲባል ምን ታነባላችሁ?

«ኮሌጅ ነፃ ሊሆን ነው»፣ «ግራንቱ ሊቋረጥ ነው» የሚል ወሬ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሲዞር፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ገና ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ ሕግ ነው። በወሬው ተዘናግቶ የማመልከቻ ቀን ያሳለፈ ቤተሰብ ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያጣል። ስለዚህ ረቂቁን ራሱን ማንበብ ይሻላል፤ የምታነቡት ብዙ ጊዜ ጥቂት ገጽ ነው። እዚህ የምንሄደው በዋናነት በሜሪላንድ አሠራር ነው፤ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ስቴት የሚለዩበትን ቦታ እንጠቁማለን።

የተቀየረውን ቃል ለዩ

በሜሪላንድ ጠቅላላ ጉባኤ (የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥር ከዓመቱ ጋር አስገቡ። ቁጥሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ዓመቱን ካልመረጣችሁ የሚወጣላችሁ ሌላ ረቂቅ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን ስትከፍቱ በካፒታል ሌተር የተጻፈው ወደ ሕጉ የሚጨመር፣ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረው ከሕጉ የሚወጣ ነው። ከሥሩ የተሰመረበት ደግሞ በምክር ቤቱ ሂደት የገባ ማሻሻያ ነው። ቨርጂኒያ አዲሱን በሰያፍ ፊደል ትጽፋለች፤ ዋሽንግተን አዲሱን ታሰምርበትና የሚወጣውን በድርብ ቅንፍ ውስጥ ሰርዛ ታስቀምጣለች። የቀረው ተራ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ነባሩ ሕግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለዓመታት የኖረውን አንቀጽ እንደ ትኩስ ዜና ሲያነበው ነው።

ቃል ብቻ የሚያስተካክል የሚመስል ረቂቅን አትናቁ። ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራሉ የኮሌጅ ድጋፍ ማመልከቻ፣ ኢ.ኤፍ.ሲ. የሚባለውን የቤተሰብ መዋጮ ግምት ትቶ ኤስ.ኤ.አይ. የሚባል መለኪያ መጠቀም ጀምሯል። አሮጌው ቁጥር ከዜሮ አይወርድም ነበር፤ አዲሱ ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ይወርዳል። ድሮ ሁለት ልጆች በአንድ ዘመን ኮሌጅ ከገቡ የወላጅ መዋጮ ይካፈልላቸው ነበር፤ አሁን አይካፈልም። አሮጌውን ስም ሕጋቸው ውስጥ የጻፉ ስቴቶች ማስተካከያ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲገጥማችሁ «ዜሮ» ብሎ ያቆመውን «ዜሮ ወይም ከዚያ በታች» ከሚለው ለዩ፤ ባልተጠነቀቀ አጻጻፍ ቁጥሩ ከዜሮ በታች የሆነው፣ በጣም የተቸገረው ተማሪ ከመስፈርቱ ውጭ ሊቀር ይችላል። ስቴቱ በራሱ ስሌት የወንድምና የእህትን ኮሌጅ መግባት ይቁጠር ወይም አይቁጠርም እዩ።

ምግብ ቤት ወይም ሌላ አነስተኛ ንግድ ያላቸው ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ2026-27 ጀምሮ ቤተሰቡ የያዘውንና የሚቆጣጠረውን፣ ሠራተኛው ከ100 የማይበልጥ ንግድ ከንብረት ቆጠራ አውጥቶታል። ስቴቱ የፌዴራሉን ኤስ.ኤ.አይ. እንዳለ የሚቀበል ከሆነ ጥቅሙ ለስቴት ግራንትም ይደርሳል፤ የራሱን ስሌት የሚጠቀም ከሆነ ላይደርስ ይችላል።

ሁለት ቀን ፈልጉ

አንደኛው ሕጉ የሚጸናበት ቀን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የረቂቁ መጨረሻ ክፍል ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ጁላይ 1 ወይም ኦክቶበር 1 ነው። ዋሽንግተን ውስጥ የተለየ ቀን ካልተጻፈ ሕጉ የሚጸናው ምክር ቤቱ ከተበተነ ከ90 ቀን በኋላ ነው፤ «አስቸኳይ» የሚል አንቀጽ ካለው ግን ወዲያው ሊጸና ይችላል።

ሁለተኛው ቀን ይበልጥ ያሳስባል፦ ሕጉ የሚሠራው ለየትኛው የትምህርት ዘመን ነው? ሜሪላንድ ለዋናው የስቴት ግራንት፣ ለሃዋርድ ፒ. ሮሊንግስ፣ የያዘችው መደበኛ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ማርች 1 ነው። ምክር ቤቱ ግን 90 ቀን ሠርቶ የሚበተነው ኤፕሪል ላይ ነው። ስለዚህ ጁላይ 1 የሚጸና ሕግ ሲመጣ የመጪው ፎል ማመልከቻ ቀድሞ ተዘግቷል። አዲሱን ሕግ ልጠብቅ ብሎ ማርች 1ን ማሳለፍ በአሮጌውም በአዲሱም ባዶ እጅ ያስቀራል። ፋፍሳ ኦክቶበር 1 ሲከፈት ሙሉ፤ ለ2026-27 የሚጠየቀው የ2024 የታክስ መረጃ ስለሆነ የምትጠብቁት ወረቀት የለም።

ቀነ ገደቡ ራሱ በሕግ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። የ2024-25 ፋፍሳ ዘግይቶ በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ሲከፈት፣ ካሊፎርኒያ ካል ግራንት የሚባለውን የስቴት ድጋፏን የማመልከቻ ቀን በሕግ እስከ ሜይ 2 አራዝማለች። እንዲህ ያለው መራዘም ለዚያ ዓመት ብቻ መሆኑን ሳታረጋግጡ ለታናሽየው ልጅ አትቁጠሩበት።

ገንዘቡ ከየት ነው?

ከረቂቁ ጎን የሚለጠፈውን የበጀት ማስታወሻ ክፈቱ። የምክር ቤቱ ባለሙያዎች የሚጽፉት ነው፤ ሕጉ ስንት እንደሚፈጅና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ያስቀምጣል። በእኛ እምነት ከረቂቁ ይልቅ ይህን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ረቂቁ ተመልሳችሁ ግሶቹን እዩ። «ሊሰጥ ይችላል» ወይም «በጀት እስከተገኘ ድረስ» የሚል ሕግ ተራ የሚያስጠብቅ ነው። «ገዢው በዓመታዊ በጀቱ ይህን ያህል ያስገባል» የሚል ከሆነ ጠንካራ ነው። ዋሽንግተን ይህን ልዩነት በተግባር አይታዋለች፦ የቀድሞው ስቴት ኒድ ግራንት በጀት ስለሚያልቅበት ብቁ ተማሪዎች ሳያገኙ ይቀሩ ነበር፤ በ2019 የወጣው ሕግ በዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት ተክቶት ከ2020-21 ጀምሮ ብቁ ለሆነ ሁሉ ዋስትና ሰጠ።

አንዳንዴ ለውጡ ራሱን የቻለ ረቂቅ ሆኖ አይመጣም፣ በጀት ውስጥ ይሰነቀራል። ቨርጂኒያ በ2024 ለወታደር ቤተሰቦች የሚሰጠውን የትምህርት ክፍያ ነፃነት ያጠበበችው በበጀት ሕጓ በኩል ነበር። ቤተሰቦች ተቃውመው ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ለውጡን ሰረዘው። ስለዚህ የግራንቱን ስም በበጀት ሰነዱም ውስጥ ፈልጉ።

የሪፖርት አንቀጹን አትዝለሉ

«እያንዳንዱ ተቋም በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 1 ሪፖርት ያቀርባል» የሚል አንቀጽ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጣዩ በጀት የሚቆረጠው በዚያ ቁጥር ነው። አራት ነገር ፈትሹ፦ ማን ነው የሚያቀርበው፣ ለማን፣ መቼ፣ በምን ተከፋፍሎ? ለአራተኛው ብዙ ጊዜ ስጡ። «ጥቁር» በሚል አንድ ሣጥን የተቆጠረ ተማሪ፣ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ያለበትን ችግር ሊያሳይ አይችልም። በማርች 2024 የተሻሻለው የፌዴራል የዘር መረጃ መመሪያ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን በዝርዝር ምድቦቹ ውስጥ አስገብቷል። ስቴቱም ኮሌጆች በዚሁ ዝርዝር እንዲያቀርቡ ረቂቁ ላይ እንዲጨምር መጠየቅ ትችላላችሁ።

ጥያቄው የሚቀርበው ረቂቁን ለሚያየው የምክር ቤት ኮሚቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በጠቅላላ ጉባኤው ድረ ገጽ ላይ ማይ ኤም.ጂ.ኤ. የሚባል አካውንት ከፍታችሁ የጽሑፍ አስተያየት ታስገባላችሁ። መመዝገቢያው የሚከፈተው አስተያየት ከሚሰማበት ቀን በፊት ባሉ ጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ስለሆነ አካውንቱን አስቀድማችሁ ክፈቱ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የረቂቁ ቁጥር፣ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ፣ የትኛው መስመር ምን ተብሎ ይስተካከል። የመስመር ቁጥር የጠቀሰ አስተያየት ለማሻሻያ ይመቻል።

ማመልከቻው ላይ የሚበላሸው

ፋፍሳ ላይ የተጠየቀ ወላጅ ሁሉ የራሱ አካውንት ያስፈልገዋል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለውም መክፈት ይችላል። እያንዳንዱ የታክስ መረጃው እንዲወሰድ መፍቀድ አለበት። ታክስ ያላስገባ ወላጅ እንኳ ካልፈቀደ ተማሪው የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም።

ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ የታወቀ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ ፋፍሳ ይሞላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም ቲ.ፒ.ኤስ. (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ የያዘ ግን ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ አይደለም። የስቴቱን መስፈርት ካሟላ በሜሪላንድ ኤም.ኤስ.ኤፍ.ኤ.ኤ.፣ በቨርጂኒያ ቫሳ፣ በዋሽንግተን ዋስፋ የሚባለውን ቅጽ ይሞላል።

ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የኮሚዩኒቲ ማኅበር ስኮላርሺፕ የሰጠው ልጅ ለኮሌጁ ማሳወቅ አለበት። ሜሪላንድ ከ2017 ጀምሮ የመንግሥት ኮሌጆች በዚህ ሰበብ የራሳቸውን ግራንት እንዳሻቸው እንዳይቀንሱ በሕግ ገድባለች፤ በመርህ ደረጃ መቀነስ የሚችሉት ጠቅላላው ነፃ ድጋፍ ከተማሪው የገንዘብ ፍላጎት ሲያልፍ ነው። ከተቀነሰባችሁ ስሌቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ።